ነክቶ መሸነፍ፦ ወደ አስመራ የሄድኩበት ግጥሚያ

አስመራን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ መንገዱ ጽዱ፣ ሕዝቡ ጨዋ፣ ማኪያቶው ግሩም። እኔም ይህንኑ እመሰክራለሁ። እኔ ግን የሄድኩት ለሽርሽር ሳይሆን ሰው ለመግጠም ነበር። ስሄድ ጥርሴ ሙሉ ነበር፤ አንድ ጎድሎብኝ፣ በምትኩ አሸናፊ ተብዬ ተመለስኩ። ልውውጡ አልተስማማኝም። ለምን እንዳልተስማማኝ፣ ያን አገር አይተው ለማያውቁና ምናልባትም ለማያዩ ወዳጆቼ ከመነሻዬ ጀምሬ ላውጋችሁ።

ቀን ቀን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ማታ ማታ በአንድ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ከጓደኞቼ ጋር ካራቴ እለማመዳለሁ። ያስተማረን ጃፓናዊ ሰው ነው። የእሱ ሕግ ቀላል ነበር፤ ቡጢህ የባላጋራህ ቆዳ ላይ ሳያርፍ፣ የጣት ውፍረት ሲቀረው ይቆማል። ቡጢው የደረሰበት ሰው ደግሞ ዳኛ ሳይጠብቅ እጁን አንሥቶ "ደረሰኝ" ይላል። ደርሶት ዝም ያለ ሰው በእኛ አዳራሽ እንደ ሌባ ይታያል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስንማታ ማንም አፍንጫው ደምቶ አያውቅም።

ታዲያ ወደ ውጭ አገር ለውድድር የሚሄድ ቡድን ተመረጠና አንድ ቦታ ቀረ። የተመረጡት ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች ስለነበሩ ከአስመራ አቤቱታ መጣ። በዚህ የተነሣ ለቀረችው ቦታ ከአዲስ አበባ እኔ፣ ከአስመራ ብርሃነ የሚባል ሰው እንድንገጥምና ያሸነፈው እንዲሄድ ተወሰነ። ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም። ቦታዋን እንዴት እንደተመኘኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ

የቡድናችን መሪ አቶ ጌታሁን በአውሮፕላን ሊመጡ፣ እኔ በአውቶቡስ ልሄድ ሆነ። ዳኛውም እሳቸው ናቸው። ካራቴን የተማሩት በጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ወገባቸውን አመማቸውና ወደ ዳኝነቱ አለፉ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ አብረኸት የተባሉ የአስመራ ነጋዴ ነበሩ። አዲስ አበባ ያገባች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው፤ አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የምሄድበትን ጉዳይ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

"እና ትመታዋለህ፣ ግን አትነካውም?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ካልነካኸውማ ምኑን መታኸው ወደይ?"

ወደይ በእነሱ ልጄ ማለት ነው። የጣርማ በርን ጭጋግ እስክናልፍ ድረስ ጥበቡ ማቆሙ ላይ እንደሆነ ላስረዳቸው ደከምኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ከአገልግላቸው ድርቆሽ አውጥተው ሰጡኝ። ለሕመምተኛ የሚሰጥ ዓይነት አሰጣጥ ነበር።

ደሴ አደርን። ስለ አልጋ ቤቱ የምለው ቁንጫው ሳይነካ የማያልፍ መሆኑን ብቻ ነው።

ረቡዕ

አላማጣ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ሲለውጡ እኛ ዛፍ ፍለጋ ተበተንን። ሙቀቱ ለአዲስ አበባ ሰው አይመችም፤ ለቅቤም እንደማይመች ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። የአላጌን ጠመዝማዛ ስንወጣ የወይዘሮ አብረኸት ጣሳ ተንሸራትቶ ወደቀ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ የቀለጠው ቅቤ ሻንጣዬ ውስጥ ገባ። ነጩ የካራቴ ልብሴ እዚያ ነበር።

ሴትየዋ መጀመሪያ ያዘኑት ለቅቤው ነው። ቀጥሎ ልብሱን አወጡት፣ አዩት፣ አሸተቱት። "ከእንግዲህ ሊመታህ የሚመጣ ሰው ይርበዋል" አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሌላ ልብስ አልነበረኝም።

መቀሌ ስንደርስ ያረፍንበት ቤት ባለቤት በአመድና በሙቅ ውኃ አጥበው ሌሊቱን ከምድጃ አጠገብ አሰጡልኝ። ያጠቡበትን ገንዘብ አልቀበልም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ውለታ ቢያንስ የዘመድ ዘመድ መሆን ያስፈልጋል። ልብሱ ነጣ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም።

ሐሙስ

ምሳ አዲግራት ላይ ጥሕሎ በላን። የገብስ ሊጥ ድብልብል እየተደረገ በሹል እንጨት ይወጋና ወጥ ውስጥ ይነከራል። እንጨቱን መያዝ አላውቅበት ብዬ ሁለቴ ጣልኩት፤ ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አብረኸት ራሳቸው እየወጉ አጎረሱኝ።

ዛላምበሳን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ወታደሮች አስቆሙን። ሰው ሁሉ ወርዶ ዕቃውን አስፈተሸ። የእኔን ሻንጣ የከፈተው ወታደር ነጩን ልብስ አንሥቶ "ዳቦ ጋጋሪ ነህ?" አለኝ። ስመልስለት ከንግግሬ የአዲስ አበባ ሰው መሆኔን አወቀ። ፊቱ ተፈታ።

"አንተ ግባና ተቀመጥ ወንድሜ። ፍተሻው አንተን አይመለከትም።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። በመስኮት ሳይ ወይዘሮ አብረኸት ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ባዶውን የቅቤ ጣሳ ሳይቀር አገላብጠው አዩባቸው። ሽማግሌዎቹ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም ቆመዋል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ እስከ አስመራ ድረስ ስለ ካራቴ አልቀለዱብኝም። ቀልዱ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ገባን። ብርሃነ ፌርማታው ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው፤ ጣቶቹ በመኪና ዘይት ጠቁረዋል። "እንቋዕ ብደሓን መጻእካ"፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ሻንጣዬን ቀማኝ። አብረን እንዳርፍበት ወደ ተነገረኝ ሆቴል ሄድን፤ እንግዳ ተቀባዩ የተያዘው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ለአቶ ጌታሁን ነው አለን። እኔን ያሰበኝ የለም።

"እኛ ቤት አለ" አለ ብርሃነ።

"ልንጋጠም መጥቼ አንተ ቤት ላድር?"

"ግጥሚያው እሑድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው" አለኝ፣ ሌላ ምንም የሚያስቸግር ነገር እንደሌለ ሁሉ።

የብርሃነ ሰፈር ዓባ ሻውል ከተማው የሚመካበት አይደለም። ድንጋይ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል፤ በመተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። የእኛን ሰንጋ ተራ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ደጃፉ ሁሉ የተጠረገ መሆኑ ነው። እናቱ አደይ ለተብርሃን በራፍ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፣ ሦስቴ ሳሙኝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ብለው አዩኝ።

"ብርሃነ፣ እዚ ድዩ? ይሄ ነው የሚመታህ?" አሉ።

"እሱ አይመታም አደይ። ያቆማል" አላቸው።

"ንዓ ወደይ፣ ግባ። የማይመታ ሰውማ ይግባ።"

ያላቸው አንድ አልጋ ለእኔ ተለቀቀ። ብርሃነ ወለል ላይ ተኛ። ብለምነውም እምቢ አለኝ።

ዓርብ

ብርሃነ መካኒክ ነው። የሚሠራበትን ጋራዥ ኦፊቺና ይሉታል። ካራቴን የተማረው ቃኘው በሚባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ነው፤ ያኔ በወጥ ቤታቸው ሰሃን ያጥብ ነበር። አንድ ወታደር ከሥራ በኋላ ያስተምረው ጀመር። "ማስተማሩ እንኳ መምታት ነበር" አለኝ እየሳቀ። ሰውየው አገሩ ሲመለስ እሱ የሚያውቀውን ይዞ ወጣና ለጓደኞቹ ማስተማር ጀመረ።

ከሥራ ሲወጣ የሚለማመዱበትን አሳየኝ። ከጋራዡ በስተኋላ ያለ ጠባብ ግቢ ነው፤ መሬቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተነጥፏል። ልብሳቸውን እናቶቻቸው ከዱቄት ከረጢት ሰፍተውላቸዋል፤ የብርሃነ ጀርባ ላይ የዱቄቱ ማኅተም ገና ይነበባል።

ያየሁትን እንዴት ላስረዳችሁ? እኛ አንድ ምት እንወረውራለን፣ እናቆማለን፣ እንለያያለን፣ እንደገና እንጀምራለን። እነሱ አያቆሙም። ቡጢው ሆድ ላይ ያርፋል፣ እርግጫው ታፋ ላይ ያርፋል፣ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ነጥብ የለም፤ የቆመ እንደቆመ፣ የወደቀ እንደወደቀ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ልማዳቸው ነው። ደህና ምት ያረፈበት ሰው፣ ትንፋሹ መለስ ሲልለት፣ ለመታው ሰው ጎንበስ ብሎ "የቐንየለይ" ይለዋል። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

"ምን ስላደረገልህ ነው የምታመሰግነው?" አልኩት ብርሃነን።

"የተከፈተ ቦታዬን አሳየኝ። ወንድሜ ባያሳየኝ ጠላቴ ያሳየኛል።"

"እኛስ ሳንነካ እናሳያለን።"

"አሳየኛ።"

ተነሣሁና ገጠምኩት። ሁለቴ ጉሮሮው ላይ፣ አንዴ ዓይኑ ላይ አቆምኩለት። እጁን አላነሣም። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሳትኩ መስሏቸዋል። ማቆሜ እንደ ምት አልተቆጠረልኝም። በእነሱ ግቢ ቡጢን ማቆም ንቀት ነው ለካ፤ 'አንተ ልትመታ የምትበቃ ሰው አይደለህም' እንደማለት ነው። ብርሃነ ቅር እንዳለው ያወቅሁት ወደ ቤት ስንመለስ ነው።

"ለምን ናቅኸኝ?" አለኝ በመንገድ ላይ።

ስንከራከር ቤት ደረስን። እኔ ማቆም ከመምታት ይከብዳል አልኩ፤ እሱ ያልደረሰ እጅ መድረስ መቻሉን በምን ያውቃል አለ። እኔ ሰውን ሳትሰብር ለዓመታት ትማማራለህ አልኩ፤ እሱ ተመትቶ የማያውቅ ሰው የተመታ ቀን ምን ይሆናል አለ። አደይ ለተብርሃን የጾም የቲማቲም ሰልሲ የፈሰሰበት ፓስታ አቀረቡና መሃላችን ገቡ።

"ሁለታችሁም ብሉ" አሉ። "እጅ ሠርታ ለመብላት ናት፤ ስለ እጅ እንዲህ የሚከራከር ሰው አይቼ አላውቅም።"

እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ስምንት ዓመት ያመንኩበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩት። ሰውየውን ወደድኩት፤ ቦታዋን ግን ለእሱ ልተውለት አላሰብኩም። እሱም እንደዚያው ነበር። ከዚህ በፊት ባሕር ማዶ የመሄድ ዕድል ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ።

ቅዳሜ

ማለዳ ዋናውን ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶን አየሁ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ዘንባባው፣ መስታወቱ፣ ቢስክሌቱ፣ ካልሲ ያደረጉ ሽማግሌዎች። የእኛ ፒያሳ በክረምት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። አንድ ባር ገብቼ ማኪያቶ ብጠይቅ አሳላፊው በአማርኛዬ ፊቱን አጠቆረና "ኣይፈልጥን" አለኝ፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ብርሃነ ቢስክሌቱን አቁሞ ሲገባና "ጋሻይ እዩ" ሲለው ጊዜ ግን፣ የብርሃነ እንግዳ ነኝና፣ ያ አሳላፊ ከእኔ የተሻለ አማርኛ ተናገረ።

"ይቅርታ ወንድሜ" አለኝ። "ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት አማርኛ ካልተናገርን እንገረፍ ነበር። አሁን ደስ ያለን ቀን ብቻ ነው የምንናገረው።"

ስለ ፖለቲካ አላወራም፤ ጉዞዬ የካራቴ ነው። ማኪያቶውን ግን ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

አቶ ጌታሁን ከቀትር በኋላ በአውሮፕላን ገቡ። ብርሃነንና እኔን ሆቴላቸው አስጠርተው የግጥሚያውን ሕግ ነገሩን። ሳይነካኩ ነው፤ የነካ ተሸናፊ ነው።

ብርሃነ "ጌታዬ፣ የተጻፈልን ነፃ ግጥሚያ ይላል። እኛ የምንለማመደው በመነካካት ነው። ቢያንስ ግማሽ ግማሽ ቢሆን" አላቸው።

"ሕግ ግማሽ የለውም" አሉ አቶ ጌታሁን። "ውጭ አገርም የሚፈረደው እንዲህ ነው።"

"የዕድሜዬን ልማድ በአንድ ሌሊት እንዴት እተወዋለሁ?"

"እንግዲህ መቅረትም ይቻላል።"

ብርሃነ እጆቹን አየ። እሺ አለና ወጣን። እኔም አንድ ነገር ተናግሬ ነበር፤ "እሱ እኮ እውነቱን ነው" ብዬ ጀመርኩ። አቶ ጌታሁን "አንተ ለራስህ እረፍ" አሉኝ። የቅቤው ሽታ የመጣባቸው ያን ጊዜ መሰለኝ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

እሑድ

ጠዋት አደይ ለተብርሃን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሁለታችንንም ግንባር እምነት ቀቡ። እኩል ነው የቀቡን።

ግጥሚያው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ጋራዡ፣ ዓባ ሻውል፣ ያ የባር አሳላፊም ሳይቀር መጥቷል። ከፊት ወንበር ላይ ሹማምንት ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ብርሃነ የዱቄት ከረጢቱን፣ እኔ የቅቤውን ልብስ ለብሰን እጅ ነሳን።

ሲጀመር ብርሃነ አሳዘነኝ። እጁን እየሰደደ መሃል መንገድ ላይ ይይዘዋል፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ያቆማል፤ የታሰረ በሬ ይመስላል። የማያውቀውን ሕግ ላለመጣስ ሲል የሚያውቀውን ሁሉ ተወ። ከዚያ ከጎን ገባሁበትና ቡጢዬን ጉሮሮው ላይ አቆምኩ። ንጹሕ ምት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም፤ በእኔና በቆዳው መካከል አየር ብቻ ነበር።

አሁን ስሕተቱን ስሙ። በእኛ አዳራሽ እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ይቆማሉ። የደረሰበት "ደረሰኝ" ይላል፣ የመታውም እጁን ያወርዳል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስለለመድኩ እጄን አወረድኩ። በብርሃነ ግቢ ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ያልነካ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? የተከፈተ ፊት አየ። የለመደው እጁ፣ እሱን ሳያማክር፣ መጣ።

የጣሪያውን አምፖል አየሁ። ከዚያ ደሙ አፌን ሲሞላው ተሰማኝ። አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ ነበር። ብርሃነ አጠገቤ ተንበርክኮ "ሓወይ፣ ሓወይ" ይላል፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ። ጥርሴን ተፋሁና፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "የቐንየለይ" አልኩት። ከልቤ ነበር። ስምንት ዓመት ማንም ያላሳየኝን ክፍት ቦታ አሳይቶኛል። እሱ ግን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በእኔ ሕግ ቢሆን ቀደም ብዬ አሸንፌዋለሁ፤ ቡጢዬ ደርሷልና። በእሱ ሕግ ቢሆን በኋላ አሸንፎኛል፤ እኔ መሬት ላይ ነኝና። ዳኛው በሁለቱም አልፈረዱም። የእኔን ምት አላዩትም፤ ጉሮሮው ላይ ስደርስ ወደ ሹማምንቱ ዞረው ነበር። ያዩት ብርሃነ መንካቱን ብቻ ነው። ብድግ አድርገው አቆሙኝ፤ በአንድ እጃቸው ደግፈው በሌላው እጃቸው እጄን ወደ ላይ አነሡ።

"አሸናፊ" አሉ።

ከፊት ወንበር ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳቁ ተያያዘና አዳራሹን ሞላው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ደስታ የሚባል የለበትም። ወታደሮቹ ከበር ወደ ውስጥ ሲገቡ ሳቁ ተቋረጠ፣ ሰዉም አንድ በአንድ ወጣ።

ዓባ ሻውል ማን ወሰደኝ? ብርሃነ ነው፤ በቢስክሌቱ ፊት አስቀምጦ። አደይ ለተብርሃን አፌን በጨው ውኃ አጠቡ፣ አጥሚት ሠርተው በማንኪያ አጠጡኝ። ልጃቸውን አንዴም አልተቆጡትም፤ እኔንም አንዴም አሸነፍክ አላሉኝም።

ሰኞ

ጠዋት አቶ ጌታሁንን ሆቴላቸው አገኘኋቸው። እንቁላል ይበሉ ነበር። ከንፈሬ አብጦ ቃል አልወጣልህ ቢለኝም ቦታዋ የብርሃነ እንደሆነች ነገርኳቸው።

"ተው እንጂ ታደሰ" አሉኝ። "ፓስፖርትህ እኮ ከወጣ ቆይቷል። ቲኬቱም በስምህ ነው።"

"ከግጥሚያው በፊት?"

"ግጥሚያው እነዚህ ሰዎች ቅር እንዳይላቸው ነው። ዕድል ተሰጣቸው። በቃ።"

"ብሸነፍስ ኖሮ?"

"አልተሸነፍክማ" አሉና ዳቦአቸውን ቆረሱ።

አልሄድም አልኳቸው። መብትህ ነው፣ ከአንተ ቀጥሎ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ይሄዳል፣ ለዚያኛው ግን በከንቱ አትድከምለት አሉኝ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል። እኛ ግን ማመካኛውን ለማቅረብ አገር አቋርጠን መጣን። ማመካኛው እኔ ነበርኩ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ኦፊቺናው ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ብርሃነ ከኋላ ባለው ግቢ ብቻውን ተቀምጦ ሕምባሻ ይበላል። ቆርሶ ሰጠኝ፤ ማኘክ እንደማልችል ሲያስታውስ መልሶ ወሰደው። ሁሉንም ነገርኩት። ፓስፖርቱን፣ ቲኬቱን፣ ዕድል ተሰጣቸው መባሉን ሁሉ፤ አልሄድም ማለቴን ብቻ ለኋላ አቆየሁት።

ይናደዳል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠረገና ተነሣ።

"ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም ልቤ ነግሮኝ ነበር" አለኝ። "በል አሁን ማቆሙን አስተምረኝ።"

"ምን ያደርግልሃል? ነገርኩህ እኮ።"

"ነክቶ ነው የተሸነፈው ይላሉ ከእንግዲህ። ይህችን ላሳጣቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ምክንያት ፈልገው ይድከሙ።"

አስተማርኩት። ክርኑን እንዴት እንደሚያጥፍ፣ ትንፋሹን የት እንደሚይዝ፣ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ። ጓደኞቹ ከምሳ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው አዩን። የመጀመሪያዎቹ ቡጢዎቹ በጣም ርቀው ይቆሙ ነበር፤ ሊነካኝ ፈራ። ቅረብ አልኩት፣ ቀረበ። እንደገና ቅረብ አልኩት። እኔ ስምንት ዓመት የፈጀብኝን ያ ሰው በአንድ ቀትር ሲይዘው አየሁ። በመጨረሻ የመጣው ቡጢ ያበጠው ከንፈሬ ፊት ቆመ፤ ነፋሱ ብቻ አረፈብኝ።

"ነካሁህ?" አለ።

"አልነካኸኝም" አልኩት። እጄን አንሥቼም "ደረሰኝ" አልኩ።

እንዲህ ያለ እጅ ይዞ መሄድ የነበረበት እሱ ነው። እንደማልሄድ፣ ለአቶ ጌታሁንም እንደነገርኳቸው የነገርኩት ያኔ ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያመሰግነኛልም ብዬ ነበር።

ብርሃነ እጁን አወረደ። ከተገናኘን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ አየሁበት።

"ኣይፋልን፣ አይሆንም" አለ። "ትሄዳለህ። እናቴ ፊት፣ ጓደኞቼ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ተሸንፌአለሁ። አንተ ካልሄድክ እኔ የተሸነፍኩት ለማን ነው?"

በማግስቱ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፤ አደይ ለተብርሃን ጥርስ የማይፈልግ ለስላሳ ዳቦ ቋጥረውልኝ ነበር። ተሳስመን ተለያየን። አዲስ አበባ እንደገባሁ አቶ ጌታሁን ዘንድ ሄጄ ሐሳቤን እንደቀየርኩ ነገርኳቸው። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ብልህ ልጅ ነህ አሉኝ። በመጪው ወር እሄዳለሁ።